ለአንቺ አገርሽ ነው፣ ለልጅሽ ግን አዲስ አገር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወደ ውጭ ከወጣሁ ጀምሮ ቤተሰቦቼን በአካል አላየኋቸውም። ልጄ የተወለደችው እዚሁ ውጭ ነው፤ አሁን 1 ዓመት ከ9 ወር ሆኗታል። ከሁለት ወር በኋላ ለስድስት ሳምንት ይዣት ልሄድ ነው። ባለቤቴ ፈቃድ ስላላገኘ ብቻዬን ነኝ። አያቶቿን የምታውቃቸው በቪዲዮ ስልክ ብቻ ነው። ከሰው ቶሎ አትላመድም፤ እንግዳ ሲመጣ እግሬ ሥር ትደበቃለች። ቤተሰቦቼ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ሊያቅፏት ቀን እየቆጠሩ ነው። የወላጆቼ ከተማ ወባ የለበትም። የባለቤቴ ወላጆች ግን ወባ ያለበት አካባቢ ነው የሚኖሩት፤ እዚያም አንድ ሳምንት እንቆያለን። ክትባት ያስፈልጋታል? በረራውንስ እንዴት እንወጣዋለን? እንቅልፏስ? ሰዉን ሳላስቀይም እሷንም ሳላስጨንቅ እንዴት ልያዘው? እናቴ «ምን ያስጨንቅሻል፣ አንቺም እኮ እዚሁ ነው ያደግሽው» ትለኛለች።

ምላሽ፦ ከእናትሽ ንግግር ልጀምር። ቤተሰብ ጥየቃ የሚሄዱ ወላጆች አብዛኞቹ ይህንኑ አባባል ይዘውልኝ ይመጣሉ። እውነታቸውን ነው፣ አንቺ እዚያ ነው ያደግሽው። ልጅሽ ግን አላደገችም። አንቺ ወደ ቤትሽ ስትመለሺ እሷ አይታው ወደማታውቀው አገር ነው የምትሄደው። ውሃው፣ ትንኙ፣ ሰዓቱ፣ ሽታው፣ የሰዉ ብዛት፣ ሁሉም ለእሷ አዲስ ነው። ይህን ከተቀበልሽ አብዛኛው ጥያቄሽ ራሱ መልሱን ይሰጥሻል።

በጉዞ ሕክምና የታወቀ ነገር አለ። ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ሰዎች ለሽርሽር ከሚሄዱት ይልቅ በወባና በታይፎይድ ታመው የመመለስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አገር ጎብኚው ስለሚፈራ አስቀድሞ ሐኪም ያማክራል፣ ይከተባል፣ ሆቴል ያድራል። ዘመድ ጠያቂው «አገሬ አይደል እንዴ» ብሎ ዝም ብሎ ይሄዳል። ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያድራል፣ የቀረበለትን ይበላል። በልጅነቱ ወባ ባለበት ያደገ ሰው እንኳ ከአካባቢው ርቆ ሲቆይ ሰውነቱ ያዳበረው መከላከያ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ የወባ መከላከያ መድኃኒቱ ለአንቺም ነው። ልጅሽ ደግሞ ከመነሻውም ምንም መከላከያ የላትም።

ሁለት ወር አለሽ፤ ጥሩ ጊዜ ነው። ዛሬ ነገ ሳትይ ቀጠሮ ያዢ። ከጉዞው ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀድሞ ሐኪም ማየት ይመከራል፤ ከትንሽ ልጅ ጋር ግን ከዚያም ብትቀድሚ እመርጣለሁ። የክትባት ካርዷን ያዢና የምታድሩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ተናገሪ። «አገር ቤት ልሄድ ነው» ማለት አይበቃም። ወባ ያለበት ቦታ አንድ ሳምንት እንደምታድሩ ካልነገርሽው ሐኪሙ ከየት ያውቃል?

ከክትባት ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው የኩፍኝን ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ከአገር ውጭ ከመጓዙ በፊት ሁለት የኩፍኝ ክትባት ቢኖረው ይመከራል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 28 ቀን መኖር አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሸወዳል። በአንዳንድ አገሮች መደበኛ ፕሮግራም ሁለተኛው የሚሰጠው ልጁ ከ4 እስከ 6 ዓመት ሲሆነው ነው። ስለዚህ ካርዷ ላይ «የዕድሜዋን ሁሉ ጨርሳለች» ተብሎ አንዱ ገና ሊቀራት ይችላል። ያን ቀድሞ መስጠት ይቻላል። ታናሽ ልጅ ያላት እህት ወይም ጓደኛ ካለችሽም ይህን ንገሪያት፦ ከ6 እስከ 11 ወር ያሉ ሕፃናትም ለጉዞ አንድ የኩፍኝ ክትባት ቀድሞ ይሰጣቸዋል፤ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ግን መደበኛዎቹ ሁለቱ እንደገና ይሰጣሉ።

የሄፓታይተስ ኤ (የጉበት በሽታ) ክትባት ከአንድ ዓመት ጀምሮ ይሰጣል። የታይፎይድ ክትባት ሁለት ዓይነት መርፌ አለው፤ አንዱ ከ6 ወር ጀምሮ ይሆናል፣ ሌላው 2 ዓመት መሙላት ይፈልጋል። የትኛው በምትኖሩበት አገር እንደሚገኝ ሐኪምሽ ይነግርሻል። ቢጫ ወባ ያለበት አገር ከሆነ ደግሞ ክትባቱ ከ9 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ምስክር ወረቀቱ የሚሠራው ከተከተበች ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የኩፍኝና የቢጫ ወባ ክትባቶች ሁለቱም ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ የያዙ ስለሆኑ ወይ በአንድ ቀን፣ ወይ የአንድ ወር ያህል ተራርቀው ነው የሚሰጡት። ቀጠሮውን ቀደም አድርጊ ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው።

ወደ ወባው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ትንንሽ ልጆች ላይ ወባ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። ወባ ባለባቸው አገሮች ለሚኖሩ ሕፃናት የሚሰጡ ክትባቶች መጥተዋል፤ ለአጭር ጊዜ ተጓዥ ግን መከላከያው አሁንም የሚዋጥ መድኃኒትና ከትንኝ መጠበቅ ነው። ለአንድ ሳምንት ቆይታ ብዙ ጊዜ የሚመቸው አቶቫኮን ፕሮጓኒል የሚባለው ነው። ወባው ቦታ ከመግባታችሁ ከ1 ወይም 2 ቀን በፊት ትጀምራለች፣ በየቀኑ ትወስዳለች፣ ከወጣችሁ በኋላም 7 ቀን ትቀጥላለች። ክኒኑ ተፈጭቶ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሰጣል። ሜፍሎኩዊን በሳምንት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም አራት ሳምንት ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ለእሷ አይሆንም፤ ከ8 ዓመት በታች ለወባ መከላከያ አይሰጥም። መጠኑ በኪሎዋ ነው የሚወሰነው፣ ስለዚህ ሳትመዘን መድኃኒት እንዳትቀበዪ።

መድኃኒቱን ከምትኖሩበት አገር ገዝተሽ ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙ የሕክምና ምርቶች ከ10 አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። የትኩሳት ሽሮፗንም ከነመለኪያ ሲሪንጁ ያዢ። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ጥንካሬው ከአገር አገር ይለያያል። እዚያ ያለው አንድ ማንኪያ አንቺ ከለመድሽው አንድ ማንኪያ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ትንኙን በተመለከተ ወባ አስተላላፊዋ በብዛት የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ ጠርዙ ፍራሽ ሥር የገባ። ምሽት ላይ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ። ቆዳ ላይ የሚቀባው ዲት የሚባለው መከላከያ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለው ለእሷ ዕድሜ ይሆናል። መዳፏን አትቀቢ፣ አፏ ውስጥ ይገባል። ፊቷን ደግሞ መጀመሪያ በአንቺ እጅ ላይ አድርገሽ ቀቢያት። ከሎሚ ባሕር ዛፍ የሚሠራው «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ከ3 ዓመት በታች አይመከርም። ተፈጥሯዊ የሚለው ቃል ብዙ እናቶችን ያታልላል።

ወረቀቱን በአጭሩ እንለፈው። አባቷ ስለማይኖር፣ ልጅቷ ከአንቺ ጋር እንድትጓዝ መስማማቱን የሚገልጽ በሕግ አካል የተረጋገጠ ደብዳቤ ያዢ። የልደት ምስክር ወረቀቷንም፣ በተለይ የእሷና የአንቺ የአባት ስም የማይመሳሰል ከሆነ። ቪዛ ያስፈልጋት እንደሆነ በእሷ ፓስፖርት አጣሪ፣ በአንቺ ሳይሆን። የጤና ኢንሹራንሷ እዚያ አገር ይሠራ እንደሆነም ጠይቂ። ሌላም አንድ ነገር አለ። ስትሄዱ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነች ጭንሽ ላይ መጓዝ ትችላለች። ስትመለሱ ግን ሁለት ዓመት ይሞላታል፤ አየር መንገዶች ደግሞ ሁለት ዓመት ከሞላት ቀን ጀምሮ የራሷ መቀመጫ ይጠይቃሉ። ቲኬቱን ስትቆርጪ አሁኑኑ ተናገሪ፣ ኤርፖርት ላይ ከመደንገጥ።

እንዲያውም አቅሙ ካለሽ በሁለቱም ጉዞ መቀመጫ ግዢላት። ለአውሮፕላን የተፈቀደ የመኪና ወንበሯን አስረሽባት ብትጓዥ እሷም በለመደችው ወንበር ትተኛለች፣ አንቺም እጅሽ ነፃ ይሆናል። ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ስትደርሱ ነው። ወንበሩ ከሌለ ከኤርፖርት ወጥታ የምትቀመጠው ጭን ላይ ነው። ለተጓዥ ከተላላፊ በሽታ ይልቅ የመኪና አደጋ ነው በብዛት ሕይወት የሚቀጥፈው። «እኔ አጥብቄ እይዛታለሁ» የሚል አጎት ይኖራል። መኪና ሲጋጭ ግን ማንም ጎረምሳ ልጅ መያዝ አይችልም። የመኪና ወንበሩ ላይ አትደራደሪ፤ ማንም ቢስቅብሽ ይሳቅ።

አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮዋን ያማታል። ልጅ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። ስለዚህ ሊያርፍ 30 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ቀስቅሻትና የምትጠጣው ነገር ስጫት። ጉንፋን ይዟት ከሆነ ሕመሙ ይብሳል፤ ቀድመሽ ሐኪም አማክሪ። እንድትተኛ ብለሽ የአለርጂ ሽሮፕ እንዳትሰጫት። ይህን ምክር ከጓደኛ ትሰሚያለሽ። አንዳንድ ልጅ ላይ በተቃራኒው ይሠራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትዘል ታድራለች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ለማስተኛት ብሎ መስጠት አደጋ አለው። ይልቅ አይታቸው የማታውቃቸውን ትንንሽ መጫወቻዎች ደብቀሽ ያዢና አንዱን ሲሰለቻት ሌላውን አውጪ። አውሮፕላን የምትቀይሩበት ቦታ ላይ ተሸክመሻት አትቀመጪ፣ ትሩጥ። ብቻሽን ስለሆንሽ እርዳታ ጠይቂ፤ ልጅ ለያዘች ሴት ሻንጣ የሚያወርድ ሰው አይጠፋም።

እንቅልፏ ይበላሻል፤ ይህን ከአሁኑ ተቀበዪው። የሰውነት ሰዓት በግምት በአንድ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚስተካከለው። የሰባት ሰዓት ልዩነት ካለ አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። የሚያስተካክለው ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ቀን ውጭ አውጫት፣ ምሽት ቤቱን ጨለም አድርጊ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «እንጫወት» ብላ ስትነሳ መብራት አታብሪ፣ ስልክ አታሳያት። የራባት ከሆነ ትንሽ ነገር አብያት፣ በዝግታ አናግሪያትና አብረሻት ተኚ። የቀን እንቅልፏን አትከልክያት፣ ከልክ በላይ የደከመ ልጅ ሌሊት ይብስበታል። ግን ቀኑን ሙሉ እንዳትተኛ ቀስቅሻት። ያልታጠበ አንሶላዋን ወይም የምታቅፈውን አሻንጉሊት ይዘሽ ሂጂ፤ የቤቷ ሽታ ያለበት ነገር ይረዳል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ደግሞ ምንም ግብዣ አትቀበዪ። ይህን ለእናትሽ አሁኑኑ ንገሪያት፣ አለዚያ ቀኑ ተይዞ ይጠብቅሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሰዉ ልምጣ። ካነሳሻቸው ሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቅሽ ይህኛው መሆኑ ያስታውቃል።

እንግዳ መፍራት ከ8 ወር ገደማ የሚጀምር ጤናማ ነገር ነው። «የኔ ሰው» እና «የማላውቀው ሰው» የሚለውን መለየት ችላለች ማለት ነው። ብዙ ልጆች ላይ ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በተፈጥሮዋ ጥንቁቅ የሆነች ልጅ ላይ ግን ይቆያል። ስለዚህ ልጅሽ አልተበላሸችም፣ አንቺም አላሞላቀቅሻትም። «ውጭ ያደጉ ልጆች ሰው አይወዱም» የሚል ከመጣ ሳቂና እለፊው። እዚያው ያደገው የአክስቷ ልጅም በዚህ ዕድሜው አያቶቹን በስልክ ብቻ ቢያውቃቸው ኖሮ ይደበቅ ነበር።

ቪዲዮውስ? ጥሩ አድርገሻል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ስክሪን ሲከለክል ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ የቪዲዮ ንግግርን ነፃ አድርጎታል። ግን ብዙ አትጠብቂ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች በስክሪን ያዩትን ወደ እውኑ ዓለም ማሻገር ይከብዳቸዋል። በስልኩ ውስጥ ትንሽ የሆነችው አያት በአካል ትልቅ ሴት ናት፤ ሽታ አላት፣ ድምጿ ከፍ ይላል፣ ትነካለች። ልጅቷ ብትደነግጥ «ረሳችኝ» ማለት አይደለም። በቀሩት ሁለት ወራት እናትሽ በየጥሪው አንድ ተመሳሳይ ነገር ታድርግላት። አንድ ዘፈን፣ አንድ የእጅ ጨዋታ፣ ያው ራሱ ሁልጊዜ። ስትገናኙም ከሰላምታ በፊት ያንን ትጀምርላት። ፎቷቸውን አትመሽ ግድግዳ ላይ በእሷ ቁመት ለጥፊ፤ ስማቸውን እየጠራሽ አሳያት።

ኤርፖርት ላይ ሰው እንዳይበዛ አድርጊ። ከረጅም በረራ የወረደች ልጅ ላይ አሥራ ምናምን ሰው ሲጮህ አስቢው። ሁለት ሰው ይበቃል። የቀሩት በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ይምጡ። ሌላው ቢቀር አንድ ነገር ጠብቂልኝ፤ እየጮኸች ለማንም አታቀብያት። ልጅ ከአንቺ ጉያ ተነጥቃ ወደማታውቀው ሰው ስትሰጥ የምትማረው ሰው መልመድን አይደለም። የምትማረው እናቴ ጉያም ላይ ዋስትና እንደሌለ ነው። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ጡንቻሽ እስኪዝል ትንጠለጠልብሻለች።

የሚሠራው መንገድ ይኸው። ቤት ስትገቡ ወለል ላይ ተቀመጪና እሷን ጭንሽ ላይ አድርጊያት። ሰዎቹ ከአንቺ ጋር ይጨዋወቱ እንጂ እሷን አያዩዋት፤ በተለይ ዓይን ዓይኗን። አያት አጠገብሽ ዝቅ ብላ ትቀመጥና የሆነ መጫወቻ መነካካት ትጀምር፤ ለልጅቷ ሳትሰጥ፣ ለራሷ እንደምትጫወት ሆና። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጅቷ አንገቷን ታወጣለች። ቀጥሎ እጇን። ከዚያ ወርዳ ትጠጋለች። አንዳንዷ በግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዷ በሦስተኛው ቀን። ሁለቱም ልክ ናቸው።

በዚህ ጊዜ ሁሉ እሷ የምታነበው የአንቺን ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። የአንድ ዓመት ሕፃናት በመስታወት የተሸፈነ፣ ገደል የሚመስል ወለል ላይ እየዳሁ መጡ። እናታቸው ከማዶ ፈገግ ስትል ብዙዎቹ ተሻገሩ። እናታቸው የፈራ ፊት ስታሳይ አንድም አልተሻገረም። ስለዚህ አንቺ «አሁን ልታለቅስ ነው፣ ሊታዘቡኝ ነው» ብለሽ ከተጨነቅሽ እሷም አክስትሽን አስፈሪ አድርጋ ትረዳቸዋለች። አንቺ አክስትሽን አቅፈሽ ስትስቂ ግን መልእክቱ ይደርሳታል። መጀመሪያ አንቺ ሳሚያቸው፣ እስኪበቃሽ። ናፍቀሽ የሄድሽው አንቺ አይደለሽ?

ግድ ሳሚ፣ ግድ ታቀፊ አይባልም። በምትኩ ሌላ ሰላምታ አዘጋጂላት፦ እጅ ማውለብለብ፣ መዳፍ መምታት። ለሰዉ የምትሰጭው መልስ አጭር ይሁን። «ገና እየለመደች ነው፤ ትንሽ ቆይታ እሷ ራሷ ትመጣለች።» ማብራሪያ አታብዢ። ከባድ ሰው ከመጣ «ሐኪሟ ነው እንዲህ ያለኝ» በይና በእኔ አሳብቢ፤ እኔ እዚያ ስለሌለሁ ማንም አይቆጣኝም። የታመመ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ጉንፋን ያለበት፣ ከንፈሩ ላይ ቁስል የወጣበት አይስማት። ሳል ከቆየበት ሰው ጋር አንድ ክፍል አታድር። ይህ ይሉኝታ የሚያስገባ ነገር አይደለም።

አንድ ሰው ምረጪ። አያቷ ከሆነች አያቷ። ያቺ ሰው በየቀኑ አንድ የተወሰነ ሥራ ትውሰድ፤ ገላ ማጠብ ይሁን ከሰዓት ማንሸራሸር። መጀመሪያ አንቺ ባለሽበት፣ ቀጥሎ አንቺ በር ላይ ሆነሽ፣ ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ወጣ ብለሽ። ልጅ ከሰው የሚላመደው ስጦታ ሲበዛለት ሳይሆን ያው ሰው ያንኑ ነገር ሲደጋግምለት ነው። ስትወጪም ተደብቀሽ አትውጪ። «ሳታይሽ ሂጂ» ይሉሻል፤ ለቤቱ ሰላም ብለው ነው። ግን ዘወር ስትል የጠፋች እናት ዳግም ትጠፋለች ብላ ስለምትሰጋ በሚቀጥለው ጊዜ ዓይኗን ከአንቺ አትነቅልም። ንገሪያት፣ ሳሚያት፣ ውጪ። ብታለቅስም። ከዚያ ባልሽው ሰዓት ተመለሺ።

ቋንቋውን በተመለከተ ስድስት ሳምንት ትልቅ ዕድል ነው። ብቻ «እስኪ እንዲህ በይ» እያሉ እንዳይፈትኗት። ልጆች ከመናገራቸው በፊት ብዙ ይሰማሉ፤ ዝም ማለቷ አለመማሯ አይደለም። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም፤ ስታደባልቅም አታርሚያት።

«ከሳች፣ አትበላም» መባሉ አይቀርም። በጉዞና በሰዓት ለውጥ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ምን እና መቼ እንደምትበላ አንቺ ወስኚ፣ ስንት ጉርሻ የሚለውን እሷ። እየተሯሯጡ ማጉረስ ልጅን ምግብ ያስጠላል። ከዚያ በላይ የምፈራው መታነቅን ነው፦ ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ጠንካራ ከረሜላ፣ ያልተከፈለ ክብ ፍሬ በዚህ ዕድሜ አይሰጥም።

ቤቱን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን በእሷ ቁመት ተንበርክከሽ ዙሪው። የአያቶች ቤት ከአሁን በፊት ለሕፃን አልተዘጋጀም፤ አንቺ ካደግሽ ቆይቷል። ከሁሉ በፊት መድኃኒቶቹን ፈልጊ። አንዳንድ የደም ግፊትና የስኳር ክኒኖች አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ብቻ ትንሽ ልጅ ሊገድሉ ይችላሉ። ትራስ ሥርም፣ የእንግዳ ቦርሳ ውስጥም ይኖራሉ። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ነዳጅ ወይም በረኪና ካለ ዛሬውኑ ይነሳ። ብትጠጣ ለማስመለስ አትሞክሪ፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሩጪ። ውሃ የያዘ ባልዲም ያሰምጣል። ውሻ ከነከሳት ወይም ከቧጠጣት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበሽ በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስጀምሩላት። «የቤት ውሻ ነው፣ ተዪው» የሚለውን አትስሚ።

ተቅማጥ ሊይዛት ይችላል። የምትጠጣውን ውሃ አፍልቶ 1 ደቂቃ ማንተክተክ ይበቃል፤ ቦታው ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ። ጥርሷን የምታጥቢበትም ያው የፈላ ውሃ ይሁን። ኦአርኤስ የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ። ካለቀብሽ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ። ጨው ማብዛት አደገኛ ነውና ልኩን ጠብቂ። ሁለት ዓመት እስኪሞላት ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከሞላት በኋላ ከ100 እስከ 200፣ በትንሽ በትንሹ። ምግቧን አታቋርጪ። ተቅማጥ የሚያስቆሙ ክኒኖችን ግን ለእሷ አትስጪ። መጠጣት ካቃታት፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ከፈዘዘች ወይም አንቀጥቅጦ ከጣላት፣ ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ እቤት አትጠብቂ። ወባ ካለበት ቦታ ከገባችሁ ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ ማንኛውም ትኩሳት በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደችም ቢሆን።

ስትመለሱ ለጥቂት ሳምንት ትቀየርብሻለች። ሌሊት ትነሳለች፣ ትነጫነጫለች፣ መጸዳጃ ጀምራ ከሆነ ታቋርጣለች። አያቷንም ትጠይቃለች። ስሟን መጥራት አታቁሚ፣ በሁለተኛው ቀን ደውሉ፤ ያው ዘፈን ይቀጥል። ሳል ከቆየበት ሰው ጋር ብዙ ከዋለች ከተመለሳችሁ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ጠይቂላት።

ትኩሳት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ካተኮሳት ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄጂው። አንዳንድ የወባ ዓይነት ከዚያም በላይ፣ እስከ ዓመትና ከዓመትም በላይ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ወባ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ስለሚችል እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ። የነበራችሁበትን አገርና ቦታ፣ የተመለሳችሁበትን ቀን፣ የወሰደችውን መድኃኒት ስም ገና ስትገቢ ንገሪው፤ የወባ ምርመራም ራስሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ምርመራ የለባትም ቢል እንኳ ትኩሳቱ ካልለቀቃት ከ12 እስከ 24 ሰዓት እያራራቁ ሁለት ጊዜ ይድገሙላት።